ዶሃ ያወቀችውን ጭፍራ ቀድማ ታውቀዋለች

የጨርቅ ኳስ ያልለጋ እጁን ያውጣ! ማንም እንደማያወጣ እናውቃለን። ከታላቅ ወንድም የተሰረቀ አንድ እግር ካልሲ፣ ውስጡ እስኪወጠር የተጠቀጠቀ ቡትቶ፣ ላዩ ላይ ፌስታል፣ ዙሪያውን በሲባጎ ጥፍር ተደርጎ ይታሰራል። ጎሉ ሁለት ድንጋይ ነው። አግዳሚ ስለሌለው "ከላይ ነው"፣ "ኧረ ገብቷል" የሚለው ጭቅጭቅ ከጨዋታው ይረዝማል። ካልሲው ሲቀደድ ቡትቶው ወደ ሌላ ካልሲ ይዛወርና ጨዋታው ይቀጥላል። ያ ቡትቶ ስንት ዋንጫ እንዳነሳ የቆጠረው የለም።

አፋር ምድር ላይም ነገሩ ያው ነው። ኮሶ የሚባለው የአፋሮች ባህላዊ የኳስ ጨዋታ የሚካሄደው ጠብቆ ከተጠቀለለ የፍየል ቆዳ በተሠራ ኳስ ነው። ፍየሉ ተበልቷል፤ ቆዳው ግን ገና ዘጠና ደቂቃ ይቀረዋል።

ይህ ገጽ ዛሬ ስለ ብሎኬት፣ ስለ ፌሮና ስለ ኮንቴነር ሊያወራ ነው ስንል "እነዚህ ሰዎች ምን ነካቸው? ገጹን ከኮንስትራክሽኑ ጋር አሳሳቱት እንዴ?" የሚል አንባቢ እንደማይጠፋ ይገባናል። ትንሽ ይታገሱን። ሜዳ የሌለው ክለብ፣ ክለብ የሌለው ተጫዋች የለም። ሜዳ ደግሞ የሚሠራው ከሲሚንቶና ከብረት ነው ተብሎ ስለሚታመን፣ የብዙ ትንንሽ ከተማ ወጣት ሲሚንቶው እስኪረክስ ሲጠብቅ ዕድሜው ከታዳጊ ወደ አዋቂ፣ ከአዋቂ ወደ "ድሮ እጫወት ነበር" ያልፋል። በ2014 ዓ.ም. አንድ ኩንታል ሲሚንቶ በብዙ ቦታ ከሺህ ብር በላይ ሲሸጥ የነበረበትን ጊዜ የሚረሳ የለም። ያንን ኩንታል ደግሞ እስከ አፋር በረሃ በመኪና ጭኖ መውሰድ አለ።

ሁለት ቀን ልዩነት

እስኪ ኅዳር 2014ን እናስታውስ። ከሚሌ ወደ ወልዲያ በሚወስደው መንገድ ላይ የምትገኘው የአፋሯ ጭፍራ በጦርነቱ መሀል ነበረች። ነዋሪው ሸሽቷል፤ ቤቱ፣ ትምህርት ቤቱ፣ ጤና ተቋሙ ጉዳት ደርሶበታል። ከተማዋን የመንግሥት ጦር መልሶ መያዙ በመገናኛ ብዙኃን የተነገረው ኅዳር 19 ቀን ነበር። ከሁለት ቀን በኋላ፣ ኅዳር 21፣ ከቀይ ባሕር ማዶ ዶሃ ላይ አንድ ስታዲየም የተባበሩት አረብ ኤምሬትስና ሶሪያ በተገናኙበት የአረብ ዋንጫ ጨዋታ ሥራ ጀመረ። በአንዱ በኩል የፈረሰ ከተማ፣ በሌላው በኩል እንዲፈርስ ታስቦ የተሠራ ስታዲየም። በዚያ ሳምንት ሁለቱን አንድ ላይ ያሰበ ሰው ይኖራል ብለን አንገምትም። እኛም አላሰብንም ነበር።

ስታዲየሙ መጀመሪያ ራስ አቡ አቡድ ይባል ነበር፤ በኋላ "974" ተብሏል። ለምን 974? አንደኛ የኳታር የስልክ መለያ ቁጥር ነው። ሁለተኛ ሲሠራ የገቡበት የመርከብ ኮንቴነሮች ቁጥር ነው። ከዶሃ ወደብ አጠገብ፣ በብሎን በተያያዘ የብረት አጽም ላይ እንደ መሳቢያ የተሰኩ ኮንቴነሮች ናቸው። መጸዳጃ ቤቱም፣ የመክሰስ መሸጫውም፣ ሌላ ሌላው ክፍልም በእነዚያ ውስጥ ነው። ከ40 ሺህ በላይ ተመልካች ይይዛል። በ2015 ዓ.ም. የዓለም ዋንጫ ሰባት ጨዋታ አስተናግዷል፤ የመጨረሻው ኅዳር 26 ቀን ብራዚል ደቡብ ኮሪያን 4 ለ 1 ያንኮታኮተችበት ነው። በዚያ ምሽት ሳምባ ሲጨፈር ያየ ሁሉ ከጨፋሪዎቹ ጀርባ ያለው ግድግዳ ከቻይና ዕቃ ጭኖ የሚመጣው ሳጥን መሆኑን ልብ ብሏል?

ዓላማው ከዋንጫው በኋላ ተፈትቶ ሌላ ቦታ መተከል ነበር። እውነቱን ለመናገር እስካሁን ይፈታል እንደተባለው አልተፈታም፤ በኅዳር 2018 የጀመረው የአረብ ዋንጫም ተጫውተውበታል። የሚፈታ ነገር መሥራትና መፍታት ሁለት የተለያዩ ነገሮች መሆናቸውን ልብ ይሏል። ቢሆንም ዓለም "እንዴት ያለ ብልሃት ነው!" ብሎ ተደነቀ።

ታዲያ በዚህ ነገር ለመደነቅ የመጨረሻዋ መሆን ያለባት የአፋር ሴት ናት።

ዳቦይታን ያየ ያውቃል። ጎበጥ ተደርገው የሚተከሉ ዘንጎች፣ በላያቸው ላይ ከዘንባባ ቅጠል የተሠራ ሰሌን። የምትሠራው ሴቷ ናት፣ የምታፈርሰውም ራሷ ናት። ግጦሹ ሲያልቅ ሰሌኑ ይጠቀለላል፣ ዘንጉ ይታሰራል፣ ሁሉም ግመል ላይ ይወጣል። አዲሱ ሰፈር ሲደረስ ያው ቤት እንደገና ይቆማል። የተሰበረ ዘንግ ካለ እሱ ብቻ ይቀየራል፣ ያረጀ ሰሌን ከታች ይነጠፋል። ሚስማር የለም፣ ሲሚንቶ የለም፣ ፍርስራሽ ብሎ ነገር የለም። ኮንቴነሩን በግመል ቀይሩት እንጂ አሳቡ 974 ነው። ዶሃ ለዚህ ስንት አርክቴክት እንዳሰማራች እንተወው።

የጂቡቲ መንገድ መጋዘን ነው

ከአዋሽ ተነስቶ በሚሌ፣ በሎጊያና በሰመራ አድርጎ ወደ ጂቡቲ የሚሄደውን አስፋልት የተጓዘ ሰው መንገድ ዳር ምን እንደሚያይ እንጠይቀው። ኮንቴነር! ሱቁ ኮንቴነር፣ ጎሚስታው ኮንቴነር፣ ሻይ ቤቱ ኮንቴነር። የአገሪቱ ገቢ ዕቃ አብዛኛው የሚያልፍበት መስመር ስለሆነ፣ ሰመራም የራሷ ደረቅ ወደብ ስላላት፣ ያረጀ ሳጥን እዚያ ብርቅ አይደለም። ሾፌሩ ጋራዥ የሚጠብቀው፣ ነጋዴው ስኳር የሚያከማችበት ሁሉ ኮንቴነር ውስጥ ነው። ለሰው ቤት ከሆነ ለቡድን ልብስ መቀየሪያ ለምን አይሆንም?

አዋሽ ደግሞ ሌላ ሀብት አላት፤ አሮጌው ሐዲድ። ከጂቡቲ ተነስቶ ድሬዳዋ የገባው በ1895፣ አዲስ አበባ የደረሰው በ1909 ዓ.ም. ነው። በ2009 አዲሱ የኤሌክትሪክ ባቡር ሲመረቅ አሮጌው መስመር በየበረሃው ቀረ። ያ ብረት የባቡር ክብደት ሲሸከም የኖረ ብረት ነው። የአጥር ቋሚ፣ የዳስ ምሰሶ ለመሆን አያንስም። እርግጥ ነው፣ ሐዲድ የቅርስም ጉዳይ አለበት፤ እየነቀሉ ለቁራሌው መሸጥ ደግሞ ሌብነት ነው። እያወራን ያለነው ባለቤቱ መዝግቦ "ይኸን ያህሉ ለቅርስ ይቀመጥ፣ ይኸን ያህሉ ለአገልግሎት ይዋል" ብሎ ስለሚያስረክበው ነው።

አዲስ አበባስ? የመርካቶን ምናለሽ ተራ የማያውቅ አዲስ አበቤ የለም። የፈረሰ ቤት በር፣ መስኮት፣ የቧንቧ መክፈቻ፣ ማጠፊያ፣ ያገለገለ ሚስማር ሳይቀር ተቃንቶ ይሸጣል። "ቁራሌው!" እያለ በየሰፈሩ የሚዞረው ልጅ የዚያ ገበያ እግር ነው። ከ2016 ጀምሮ የኮሪደር ልማቱ ፒያሳንና ሌሎች አሮጌ ሰፈሮችን ሲያፈርስ የቆርቆሮው፣ የጣውላውና የበሩ ጉዞ ወዴት እንደነበር ለማወቅ ተመራማሪ መሆን አያስፈልግም፤ በአይሱዙ ላይ ተጭኖ ሲሄድ ታይቷል። ሕንፃ የሚሠሩትም ቢሆኑ አጠናውን ከፎቅ ፎቅ፣ ከሳይት ሳይት እያዞሩ እስኪሰበር ይጠቀሙበታል። ስለዚህ አንዴ ያገለገለን ዕቃ መልሶ መጠቀም ለኢትዮጵያዊ አዲስ ነገር ነው የሚል ካለ ምናለሽ ተራ ደርሶ ይምጣ።

ችግሩ ሌላ ነው። ይህ ሁሉ የሚደረገው በጓሮ በር ነው። ደሃ ቤቱን ሲሠራ ያደርገዋል፤ መንግሥት ስታዲየም፣ ትምህርት ቤት፣ ጽሕፈት ቤት ሲሠራ ግን ጨረታው ላይ "አዲስ" የሚል ቃል ይጻፋል። ተቋራጩ ከሚፈርሰው ሕንፃ የወጣውን ጥሩ ድንጋይ መጠቀም ቢፈልግ እንኳ በሥራ ዝርዝሩ ውስጥ ዋጋ የሚሞላበት መስመር የለውም። ድንጋዩን በዶዘር ይገፋና አዲስ ድንጋይ ከሩቅ ያስመጣል፤ የሚከፈለው ለአዲሱ ነዋ! ከመንግሥት ግቢ የወጣው ቆርቆሮና ብረት ደግሞ የንብረት ማስወገድ ሂደቱን እየጠበቀ ግቢ ውስጥ ዝናብና ፀሐይ ይበላዋል። በየመሥሪያ ቤቱ ጓሮ ያለውን የዛገ ክምር ያላየ ማን አለ?

የዚህ ጽሑፍ አዘጋጅ ያደገበት ሰፈር አንድ ሜዳ ነበረው። ቋሚዎቹ ከተነቀለ የውኃ ቧንቧ የተበየዱ ነበሩ፤ የበየዳቸው የሰፈሩ ባለጋራዥ ነው፣ በነፃ። ከዕለታት አንድ ቀን "ደረጃውን የጠበቀ ሜዳ ሊሠራላችሁ ነው" ተባለና ቋሚዎቹ ተነቅለው ተወሰዱ፣ ዙሪያው ታጠረ። አዲሱ ጎል ሳይመጣ እኛ ጢም አወጣን። ከዚያ ሜዳ ለብሔራዊ ቡድን የበቃ ሰው አልወጣም፤ ይወጣ ነበር ብለንም አንምልም። ግን ሦስት ዓመት ሙሉ አጥሩን በቀዳዳ ስናይ ኖረናል።

ከሃይበሪ እስከ ኮፕ

ለመሆኑ ትልልቆቹ ምን አደረጉ? የመድፈኞቹ ደጋፊ ሃይበሪን አይረሳም። በግንቦት 2006 እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር፣ ቲየሪ ሄንሪ ሀትሪክ ሠርቶ ዊጋንን 4 ለ 2 ሸኝተው ሜዳውን ተሰናበቱት። (4 ለ 2 በ1954 አዲስ አበባ ስታዲየም ላይ ግብፅን አሸንፈን የአፍሪካ ዋንጫን ያነሳንበት ውጤትም ነው፤ በጭማሪ ሰዓት። ከርዕሱ ጋር አይገናኝም፣ ዝም ብለን ማለፍ ስላልቻልን ነው።) ሃይበሪ ግን ዶዘር አልዋጠውም። የምሥራቅና የምዕራብ ትሪቡኖቹ ፊት ለፊት ግንብ ተጠብቆ መኖሪያ አፓርትመንት ሆነ፤ ሄንሪ የሮጠበት ሣር የነዋሪዎቹ የአትክልት ቦታ ነው።

ዩቬንቱስ ዴሌ አልፒን አፍርሶ እዚያው ቦታ ላይ በ2011 እ.ኤ.አ. አዲሱን ስታዲየም ሲከፍት ከአሮጌው የወጣው ኮንክሪት፣ ብረትና አሉሚኒየም ለአዲሱ ሥራ ውሏል። ዛሬ ዌስትሃም የሚጫወትበት የለንደን ኦሊምፒክ ስታዲየምም ጣሪያውን ሲሠሩት ከሌላ ሥራ የተረፈ የጋዝ ማስተላለፊያ ቧንቧ ተጠቅመዋል። የድሮው ዌምብሌይስ? ከፍርስራሹ ብዙው ወደ ምዕራብ ለንደን ተወስዶ አራት ሰው ሠራሽ ኮረብታ ሆኗል። ኖርታላ ፊልድስ ይሉታል፤ በ2008 እ.ኤ.አ. የተከፈተ መናፈሻ ነው። የሚገርመው፣ ፍርስራሽ የሚደፉትን ሥራ ተቋራጮች እያስከፈሉ በዚያ ገንዘብ መናፈሻውን ሠሩበት።

ለእኛ ግን ከሁሉም የሚጠቅመን የአንፊልዱ ኮፕ ነው። "ኮፕ" ሲባል ዛሬ የምናስበው ባለ ወንበሩን ግዙፍ ትሪቡን ነው። በ1906 እ.ኤ.አ. ሲጀመር ግን ጣሪያ የሌለው የአመድና የከሰል ጥራጊ ክምር ነበር፤ ሰው ላዩ ላይ ይቆማል፣ በቃ። የዓለምን እግር ኳስ ያንቀጠቀጠ ዝማሬ የተወለደው ጥራጊ ላይ ነው። ይህን ይዘን ወደ ጭፍራ እንመለስ።

ሜዳው ቢሠራ እንዴት ይሠራል?

ክልሎች የብሔር ብሔረሰቦች ቀንን ለማስተናገድ ሲዘጋጁ ስታዲየም መገንባት ልማድ ሆኖ ቆይቷል። ኅዳር 29 ቀን 2010 ተረኛዋ ሰመራ ነበረች። በዚያው በጭፍራ መንገድ ጫፍ ያለችው ወልዲያም በ2009 ከ25 ሺህ በላይ ተመልካች የሚይዝ ስታዲየም በባለሀብት ወጪ ተሠርቶላታል። እሰየው ነው። ግን ለእያንዳንዷ ወረዳ ባለሀብትም በዓልም አይደርሳትም። ደግሞ ትልቅ መሥራት ብቻውን መድኃኒት እንዳልሆነ ሰኔ 2 ቀን 2014 ዓ.ም. ነግሮናል፤ ዋልያዎቹ ግብፅን 2 ለ 0 ያሸነፉበትን "የሜዳችን" ጨዋታ የተጫወቱት ማላዊ፣ ሊሎንግዌ ላይ ነው። ከመቶ ሚሊዮን በላይ ሕዝብ ያላት አገር ካፍ የሚቀበለው አንድ ሜዳ አጥታ!

ጭፍራን የመሰለች ከተማ የካፍ ሜዳ አያስፈልጋትም። የሚያስፈልጋት ድንጋዩ የተለቀመ መሬት፣ ሁለት ጎል፣ ጥላ፣ ውኃ፣ ልብስ መቀየሪያና ሰው የሚቀመጥበት መደብ ነው። አንድ በአንድ እንየው።

ጎሉ። ሕጉ በሁለቱ ቋሚዎች መካከል 7 ሜትር ከ32፣ ከመሬት እስከ አግዳሚው 2 ሜትር ከ44 ይላል፤ የቋሚው ውፍረት ከ12 ሳንቲ ሜትር መብለጥ የለበትም። ያገለገለ ባለ 4 ኢንች የብረት ቧንቧ ውጫዊ ውፍረቱ 11 ሳንቲ ሜትር ከምናምን ስለሆነ ልክክ ይላል። ሐዲድ ግን ለጎል አይሆንም! ጠርዙ አደገኛ ነው፤ በረኛ ጭንቅላቱን ቢመታበት አለቀለት፤ ሕጉም አደገኛ ቅርጽ አይፈቅድም። ሐዲዱ ለአጥርና ለዳስ ይሁን። ቋሚው መሬት ውስጥ በደንብ መቀበር አለበት። ያልተተከለ ጎል ተደፍቶ ልጅ የገደለበት አጋጣሚ በየአገሩ አለ።

ልብስ መቀየሪያው። ሦስት ባለ ሃያ ጫማ ኮንቴነር ይበቃል፤ ለሁለቱ ቡድን አንዳንድ፣ ለዳኞችና ለመጀመሪያ ዕርዳታ አንድ። አንድ የሚያስቅ ነገር እንንገራችሁ፤ የኮንቴነር ወርዱ 8 ጫማ፣ ማለትም 2 ሜትር ከ44 ነው። የጎሉ ከፍታ ማለት ነው! ኮንቴነሩን በጎኑ ብታቆሙት አግዳሚውን ይለካላችኋል። ግን ጥንቃቄ ይፈልጋል። ሸክሙን የሚይዙት የአራቱ ማዕዘን ብረቶች ናቸው፤ የጎኑ ግድግዳም ያግዛል። "መስኮት እናውጣ" ብሎ ግድግዳውን እንዳገኙ መቁረጥ ሳጥኑን ያደክመዋል፤ በተቆረጠው ዙሪያ ብረት መበየድ ያስፈልጋል። ወለሉ ላይ ያለው ጣውላ ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ የተባይ መድኃኒት የተነከረ ስለሆነ በባዶ እግር ለሚቆም ተጫዋች አይመከርም፤ ይነሳ ወይም ይሸፈን።

ሙቀቱስ? የአፋርን ፀሐይ የቀመሰ ሰው "ኮንቴነር ውስጥ ሰው ልትጠብሱ ነው?" ቢል አይፈረድበትም። 974ም ማቀዝቀዣ አልነበረውም፤ ነፋስ እንዲያሳልፍ ተደርጎ ተሠራ፣ ጨዋታዎቹም ምሽት ላይ ተደረጉ። እዚህም ከቆርቆሮው በላይ ክንድ ያህል ክፍተት ትቶ ሁለተኛ ጥላ መጣል ነው። ለጥላው ከሐዲድ ምሰሶ በላይ የሚዘረጋው ምን ይሁን ብትሉ፣ መልሱ በየዳቦይታው አለ፤ ሰሌን። የሚሠሩትም የከተማዋ ሴቶች ይሁኑ፤ በገንዘብ፣ በውል። "ኅብረተሰቡ በነፃ ጉልበቱ" የሚባለው ነገር ብዙ ጊዜ የሴቶች ነፃ ጉልበት ማለት ነው።

አሁን ወደ ዋናው እንምጣ፤ ወደ ተመልካቹ። እዚህ ላይ ነው ኮፕ የሚመጣው። ከፈረሰ ቤት የወጣ ድንጋይ፣ የተሰበረ ብሎኬትና የኮንክሪት ስብርባሪ በሜዳው አንድ ጎን ተከምሮ፣ በየደረጃው እየተጠቀጠቀ፣ አፈር ለብሶ፣ ፊቱ በደህናው ድንጋይ መደብ መደብ ሆኖ ቢሠራ ትሪቡን ነው። ምሰሶ የለውም፣ ጣውላ የለውም፣ ሊናድ የሚችል ፎቅ የለውም። ይህ ደግሞ አፋር ላይ ቀላል ነገር አይደለም። በ1961 ዓ.ም. ከሰመራ ብዙም የማትርቀውን ሰርዶን የመሬት መንቀጥቀጥ አውድሟታል። ከመስከረም 2017 ጀምሮም በአዋሽ ፈንታሌና በዶፈን አካባቢ መሬቱ ሲንቀጠቀጥ ከርሞ፣ ታኅሣሥ ላይ ብሶ፣ በአሥር ሺዎች የሚቆጠር ሰው ከቀዬው ተነስቷል። በእንዲህ ያለ ምድር በአሮጌ ዕቃ ከፍ ያለ ትሪቡን እንሥራ ማለት ወንጀል ነው።

እናም የማይደገሙትን ነገሮች በግልጽ መናገር የግድ ነው። ፌሮ አንዴ ታጥፎ፣ በመዶሻ ተቀጥቅጦ ሲቃና ውስጡ ይደክማል። ለአጥር፣ ለመስኮት ፍርግርግ፣ ለወለል ይሁን፤ ሰው ለሚሸከም ቋሚና ለቢም ግን አይሁን። በየሳይቱ ፌሮ ሲቃና እያየን ዝም የምንለው ቋሚው ሲሰነጠቅ ማንም ስለማይጠይቀን ነው። የተፈጨ ኮንክሪት ለመሙያና ለመንገድ ሥር ጥሩ ነው፣ ሳይመረመር ለምሰሶ አይሆንም። በጭቃ ወይም በኖራ የተገነባ ድንጋይ በቀላሉ ተላቆ ይጸዳል፤ በሲሚንቶ የተያዘ ብሎኬት ግን ሲላቀቅ ስለሚሰበር ወደ መሙያው ይሂድ። ኤተርኒት የሚባለው አሮጌ ጣሪያ አስቤስቶስ ሊኖርበት ስለሚችል አይቆረጥ፣ አይሰበር፣ ልጆች አይጫወቱበት። ጣውላ ትሪቡን ደግሞ ብራድፎርድን ያስታውሰናል፤ በ1985 እ.ኤ.አ. ከእንጨቱ ወለል ሥር የተጠራቀመ ቆሻሻ ተቀጣጥሎ 56 ሰው ሞቷል። ከሁሉም በፊት ግን ጦርነት ባለፈበት ከተማ አንድም ፍርስራሽ አካፋ ከመንካቱ በፊት ያልፈነዳ ነገር አለመኖሩ በባለሙያ መረጋገጥ አለበት። ልጅ ብረት እለቅማለሁ ሲል እጁን ያጣበት ታሪክ በአገራችን ብዙ ነው።

አሮጌ ነው እንዴ?

አንድ የሚፈራ ነገር አለ፤ ስድቡ። "ለሌላው አዲስ፣ ለእኛ አሮጌ!" ይባላል። እውነት አለው። ማዕከሉ የጣለውን ዳር አገር ተቀበል ማለት ከሆነ ይህ ገጽ ቀድሞ ይቃወማል። ለዚህም ነው ነገሩ የጭፍራ ብቻ መሆን የሌለበት። ዓመታት የፈጀው አደይ አበባም ይሁን የአንድ ክፍለ ከተማ ሜዳ፣ ሰመራ ላይ የሚሠራ ቢሮም ይሁን ሎጊያ ላይ የሚሠራ ትምህርት ቤት፣ ጨረታው ላይ አንድ ዓይነት ጥያቄ ይኑር፤ "ከዚህ ቦታ ከሚፈርሰው ውስጥ ስንቱ ተመልሶ ይገባል? በምን ዋጋ? ማን መረመረው?" ሕንፃ ከመፍረሱ በፊት በሩ፣ ቆርቆሮው፣ ድንጋዩ፣ ብረቱ ተቆጥሮ ይመዝገብ፤ ማፍረስ የሚፈቀደው ዝርዝሩ ከቀረበ በኋላ ይሁን። የወጣው ዕቃ የሚከማችበት ግቢ ማዘጋጃ ቤቱ ይስጥ። ይኼ እኮ ምናለሽ ተራ ያለ ኮምፒዩተር ሲሠራው የኖረ ነገር ነው። የጎደለው ማኅተም ብቻ ነው።

ማኅተሙ ደግሞ ለተቋራጩም ይጠቅማል። ዛሬ ባገለገለ ዕቃ የሚሠራ ተቋራጭ "አጭበርባሪ" ይባላል፣ አንዳንዱም ነው፤ አሮጌውን አስገብቶ የአዲስ ዋጋ ይቀበላል። መስመሩ በግልጽ ከተጻፈ ግን አሮጌው እንደ አሮጌ ተመርምሮ፣ እንደ አሮጌ ይከፈልበታል፤ የተረፈው ብር ኳስ፣ መለያና የአሠልጣኝ ደመወዝ ይሆናል። በወረዳ ደረጃ ለስፖርት የሚመደበውን በጀት የሚያውቅ ሰው የሁለት መኪና ሲሚንቶ ዋጋ ስንት ዓመት ቡድን እንደሚያንቀሳቅስ ለማስላት እርሳስ አያስፈልገውም።

ሴቶቹ ሰሌኑን፣ ባለጋራዡ ጎሉን፣ ሾፌሮቹ ሳጥኑን፣ ማዘጋጃ ቤቱ ግቢውን፣ መሐንዲሱ ምርመራውን ይያዙ። መክፈቻው ላይ ኮሶ ይቅደም፤ እግር ኳሱ ይከተል። የሚዲያ ቡድን ከአዲስ አበባ ከመጣ ኮፕ ላይ ከሕዝቡ ጋር ይቀመጥ። ጨዋታው ከዐሥር ሰዓት ተኩል በፊት እንዳይጀመር ግን ከወዲሁ እናሳስባለን፤ ሰሌኑ ኮንቴነሩ ላይ ገና ካልተዘረጋም ውስጥ ገብቶ ልብስ የሚቀይር ዳኛ አይገኝም።